አፕግሬዱ ሲጠይቅህ ምን ትላለህ? የኮንፊግ ፋይሎች ዱቤ

ጅማ ውስጥ ሰርቨር ለምንጠብቅ ጥቂት ሰዎችና ለኮምፒውተር ተማሪዎች ካቀረብኩት ንግግር ነው የተጻፈው። ትእዛዞቹን እንደተናገርኳቸው በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ። ቀልዶቹን ቀንሻለሁ፤ የማያስቁትን ማለቴ ነው።

እንደምን ዋላችሁ። አካም ጅርቱ። ዝናቡን ጥሳችሁ መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። መብራት ከጠፋ እቀጥላለሁ፤ ስላይዱ ብቻ ነው የሚቀርባችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ሊኑክስ አፕግሬድ ስታደርጉ ሥራው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ፣ «ይህን ፋይል አንተ ቀይረኸዋል፣ እኔም አዲስ ይዤ መጥቻለሁ፣ የቱን ላድርግ?» ይላችኋል አይደል? ያንን ጥያቄ አንብቦ፣ ልዩነቱን አይቶ የሚመልስ እጁን ያውጣ። እሺ፣ ሦስት እጅ። አንዱ የኔ ነው፤ እሱም ግማሽ ውሸት ነው። ሳያነብ ኢንተር የሚለውስ? ይኸው፣ ቤቱ ሞላ።

እንግዲህ ዛሬ የምናወራው ስለዚያች ጥያቄና ስለ ኮንፊግ ፋይሎች፣ ማለትም የፕሮግራሞች ማስተካከያ ስለሚጻፍባቸው ፋይሎች ነው።

አንድ የክረምት ማታ ልንገራችሁ። ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት 11ኛ እትሙ ከወጣ ብዙም አልቆየም፤ 2021 እ.ኤ.አ. ነው። የአንድ ቢሮ ሰርቨር ከደቢያን 10 ወደ 11 ላሳድግ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ቡናዬ ተፈልቷል፣ ኔትወርኩም ለወጉ ደህና ነው። ፓኬጆቹ፣ የፕሮግራሞቹ ጥቅሎች፣ አንድ በአንድ ሲወርዱ እያየሁ ሰማያዊዋ ሳጥን መጣች። ማሽኑን ከርቀት የምገባበት የኤስኤስኤች ሰርቨር ኮንፊግ ተቀይሯል፣ ምን ይደረግ ትላለች። የመጀመሪያው ምርጫ «የፓኬጁን አዲስ ፋይል ጫን» ነው። እሱን መረጥኩ። ሥራው አለቀ። ማሽኑን ሪስታርት አድርጌ ቡናዬን ልጨርስ ተመቻቸሁ።

ማሽኑ ተነሳ። እኔ ግን መግባት አልቻልኩም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከዓመታት በፊት ፖርቱን፣ ኤስኤስኤች የሚጠብቅበትን የበር ቁጥር፣ ከ22 ወደ 2222 ቀይሬው ነበር። ፋየርዎሉ የሚያስገባው 2222ን ብቻ ነው። አዲሱ ፋይል ደግሞ ስለኔ ፖርት የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሰርቨሩ ተመልሶ 22 ላይ ቁጭ ብሏል። አንዱ በር ተዘግቶ ከኋላው ሰው ይጠብቀኛል፤ ሌላው በር ክፍት ሆኖ ከኋላው ማንም የለም። ከፈረንጅ አራዳ ባጃጅ ይዤ በዚያ ዝናብ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ጥበቃው «ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ምን ልትሠራ ነው?» አሉኝ። «አባባ፣ አንድ ቁጥር ልቀይር ነው» አልኳቸው። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው ጋ ነው፣ ያ ሰው ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል፣ እኔም ጥበቃ ቤቷ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠባሁ።

አሁን «ለምን የራስህን አላቆየህም? ጀማሪ ነህ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጀማሪ አልነበርኩም። አዲሱን የመረጥኩት አሮጌውን ማቆየት ከዚያ በፊት አቃጥሎኝ ስለነበረ ነው። ይህቺኛዋ ታሪክ የበለጠ ታሳፍራለች።

ደቢያን 8 በ2015 ሲወጣ የዌብ ሰርቨሩን፣ አፓቼን፣ ከ2.2 ወደ 2.4 አሻገረው። ያኔ የኔ ሕግ አንድ ነበር፦ የነካሁት ፋይል አይነካብኝ። ሁሉንም ጥያቄ «ኤን» እያልኩ አለፍኩ። ኤን ማለት የራሴን አቆይ ማለት ነው። ዋናው የአፓቼ ፋይልም በዚሁ ሕግ ተረፈ። ውስጡ «ሎክፋይል» የምትል መስመር ነበረች፤ እኔ የጻፍኳት አይደለችም፣ ድሮ ከፓኬጁ ጋር የመጣች ናት። 2.4 ይህችን ቃል ጥሎ «ሚውቴክስ» በምትባል ተክቷታል። ስለዚህ አፓቼ «ሎክፋይል የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» ብሎ አልነሳም አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ መጮህ ጀመረ። እኔ ያን ፋይል የነካሁት ለአንዲት መስመር ነበር። ለአንዲት መስመር ብዬ ሙሉውን ፋይል አሮጌ ዘመን ውስጥ ቆለፍኩት።

አያችሁ? አንድ ጊዜ በኤን ተቃጠልኩ፤ «ለካ አዲሱን መቀበል ነው» አልኩና በዋይ ተቃጠልኩ። ሁለቱም ጊዜ ጥፋቴ ያው ነው። የቀየርኩትን አላስታውስም ነበር። ጥያቄዋ ስለ ፋይሉ ትምሰል እንጂ የምትጠይቀኝ «አንተ እዚህ ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ?» ብላ ነው። እኔ ደግሞ አላውቅም። የማያውቅ ሰው ዋይም ቢል ኤንም ቢል ሎተሪ እየቆረጠ ነው።

ያን ጥያቄ የሚያመጣው ፓኬጅ ጫኝ፣ ዲፒኬጂ፣ እንዴት እንደሚያስብ ትንሽ እንየው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ። የደቢያንና የኡቡንቱ ፓኬጅ ሲመጣ አንዳንድ ፋይሎቹን «ኮንፍፋይል» ብሎ ያስመዘግባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያሉት ናቸው። ዲፒኬጂ የእነዚህን አሻራ ይይዛል፤ ኤምዲ ፋይቭ የሚባለውን፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር ቁጥር። አፕግሬድ ሲመጣ ሦስት አሻራ ያስተያያል። ድሮ ፓኬጁ ያመጣው፣ አሁን ዲስኩ ላይ ያለው፣ አዲሱ ፓኬጅ የያዘው። አንተ ካልነካኸው አዲሱን ዝም ብሎ ያስገባል። አንተ ነክተኸው ፓኬጁ ግን ያንን ፋይል ካልቀየረው፣ የአንተን ዝም ብሎ ያቆያል። ሁለታችሁም ከቀየራችሁት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ስለዚህ ጥያቄዋ ስትመጣ ትርጉሟ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው አንድ ወረቀት ላይ ጽፏል ማለት ነው፤ አንተና ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ሰው። ከሁለት አንዱን መምረጥ የሌላውን ጽሑፍ መቅደድ ነው። ትክክለኛው መልስ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ማዋሃድ ነው። ያ ደግሞ ከዋይና ከኤን አጠገብ አልተጻፈም። የተጻፉት ሌሎች ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ዲ ልዩነቱን ያሳያል፣ ዜድ ደግሞ ወጣ ብለህ ነገሩን የምታይበት ሼል፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቦታ፣ ይከፍትልሃል፤ ስትጨርስ «ኤግዚት» ብለህ ወደ ጥያቄው ትመለሳለህ። ዜድን ስንቱ ሞክሯል? እኔ ራሴ ለዓመታት ጌጥ ትመስለኝ ነበር።

በነገራችን ላይ ፋይሉን ጭራሽ ከሰረዝከውስ? ዲፒኬጂ ያከብርልሃል። ሆን ብለህ ነው ብሎ ስለሚያስብ መልሶ አያመጣውም። ጓደኛዬ አንዱን ኮንፊግ «ሰርዤ ፓኬጁን ደግሜ ብጭነው አዲስ ይመጣልኛል» ብሎ ግማሽ ቀን ሲጭንና ሲያነሳ ዋለ። ያልመጣው ለዚህ ነው። «ፎርስ ኮንፍሚስ» የሚለውን አማራጭ ካልሰጠኸው አይመልሰውም።

ሰማያዊዋ ሳጥን ደግሞ ሌላ መሣሪያ ናት፤ ዩሲኤፍ ትባላለች። ሐሳቧ ተመሳሳይ ነው፤ አንዳንዴ በሦስት በኩል አስተያይታ ራሷ ለማዋሃድ ትሞክራለች። ያን ማታ እኔን ጥበቃ ቤት ያሳደረችኝ እሷ ናት። አልቀየምኳትም፤ በዝምታ ብታልፈው «የራስህን አቆይ» የሚለው ነበር የተመረጠው። ጣቴን ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ።

ጥያቄ ስታዩ አትደንግጡ፤ የሚያስደነግጠው ጥያቄ የማይመጣባቸው ቦታዎች ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንደኛ፣ ሲስተምዲ፤ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው። የሰርቪስ ፋይሎች ዩኤስአር ሊብ ስር ተቀምጠዋል፤ እነሱ ኮንፍፋይል አይደሉም። እዚያ ገብተህ መስመር ከቀየርክ ይሠራልሃል፣ ደስም ይልሃል። በሚቀጥለው አፕግሬድ ያለ አንዲት ጥያቄ ይጠፋል። ሰላምታም የለም። ትክክለኛው መንገድ «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ብሎ የራስን ቁራጭ ፋይል ኢቲሲ ውስጥ መፍጠር ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰርቪሱ በየትኛው ትእዛዝ እንደሚነሳ የሚናገረውን «ኤግዜክስታርት»ን ለመቀየር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ባዶ አድርጋችሁ ጻፉት፣ ከዚያ በታች አዲሱን። ባዶዋን መስመር ከረሳችሁ ሲስተምዲ ሁለት ትእዛዝ ሰጣችሁኝ ብሎ ያኮርፋል።

ሁለተኛ፣ ፒኤችፒ፤ ብዙ ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ። ይህን ብዙዎቻችሁ ቀምሳችሁታል ብዬ እገምታለሁ። ኡቡንቱ 20.04 ላይ ፒኤችፒ 7.4 ነው። 22.04 ላይ 8.1 ነው። 24.04 ላይ 8.3። ኮንፊጉ የሚቀመጠው በቁጥሩ በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ስታሳድጉ አዲስ ፎልደር ይፈጠራል፣ አዲስ ፒኤችፒ ኢኒ ይቀመጥበታል፣ የአሮጌው ማስተካከያችሁ በአሮጌው ፎልደር እንደተኛ ይቀራል። ግጭት የለም፤ ስለዚህ ጥያቄም የለም። ከዚያ ምን ይሆናል? የሚጫነው ፋይል ጣሪያ ወደ ነባሩ 2 ሜጋባይት ይወርዳል። ሲስተሙ ይሠራል፣ ገጹ ይከፈታል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሰዎች ግን ስካን ያደረጉትን ዶክመንት መላክ አቃተን ይላሉ፤ አንዳንዱ ይሄዳል፣ አንዳንዱ አይሄድም። እኛ ኔትወርክ ነው ብለን ሦስት ቀን ኬብል ስንነቅልና ስንሰካ ከረምን። እውነቴን ነው።

ሦስተኛው ይብሳል። ፋይሉ አልተነካም፣ ፓኬጁም አልቀየረውም፣ ትርጉሙ ግን ተቀይሯል። ኦፕንኤስኤስኤች በ2021 በወጣው 8.8 ላይ ሲገቡ ማንነት የሚረጋገጥበትን፣ ከኤስኤችኤ-1 ጋር የሚሠራውን የድሮ የአርኤስኤ ፊርማ በነባሪ ዘጋው። ኡቡንቱ 22.04 8.9ን ይዞ መጣ። ያሳደግነው ማሽን ላይ ኮንፊጉ ፊደል በፊደል ያው ነው፤ የድሮ ፕሮግራም የያዘው ሰው ግን ጠዋት መጥቶ መግባት አቃተው። ዲፍ ብታደርጉ፣ ማለትም የድሮውንና የአሁኑን ፋይል ብታስተያዩ፣ ልዩነት የለም። ያልጻፍከው መስመር ነው የተቀየረው።

ደቢያን 13 ደግሞ አዲስ አምጥቷል፤ በኦገስት 2025 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ሲስሲቲኤል ኮንፍ የምትባለዋን ፋይል ታውቋታላችሁ፤ የከርነል፣ የሊኑክሱ እምብርት፣ ማስተካከያ ሁላችንም እዚያ ነው የምንጥለው። 13 ላይ ሲስተምዲ እሷን ማንበብ አቁሟል። ፋይሏ ዲስኩ ላይ ልትኖር ትችላለች፤ ሲነሳ የሚያነባት ግን የለም። ሲስሲቲኤል ነጥብ ዲ የሚባለው ፎልደር ውስጥ የራሳችሁን ፋይል ማስቀመጥ አለባችሁ። ራውተር አድርጋችሁ የምትጠቀሙበት ማሽን ካለ፣ የአይፒ ማስተላለፊያዋ መስመር የት እንደተጻፈች ዛሬ ማታ እዩ። በዚያው በ13 የሜይል ሰርቨሩ ዶቭኮት የኮንፊግ አጻጻፉን ከድሮው ጋር በማይጣጣም መልኩ ለውጧል፤ እዚያ ኤን ብሎ ማለፍ ዛሬ ሜይል የለም ማለት ነው። ለዚህ ነው ከትልቅ አፕግሬድ በፊት የዲስትሮውን፣ የሊኑክስ ዓይነቱን፣ የልቀት ማስታወሻ የማነበው። ረጅም ነው፣ ይሰለቻል። ግን አብዛኛው የማይመለከታችሁ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

(እዚህ ላይ መብራቱ ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በስልክ ባትሪ ቀጠልን፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ክፍል ስላይድ አልነበረውም።)

ይኸው። አፕግሬድ መሃል ቢሆንስ ኖሮ? ኔትወርክ ሲቆረጥ ከርቀት የከፈትከው ሼል ይሞታል፤ አፕግሬዱም ጥያቄ ላይ እያለ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ግንኙነቱ ቢቆረጥም ሥራውን በሚያቆዩት በቲመክስ ወይም በስክሪን ውስጥ ነው የምንጀምረው። የኡቡንቱው የልቀት ማሻሻያ ፕሮግራም ራሱ ስክሪን ውስጥ ይገባል፣ በኤስኤስኤች ከሆንክም በ1022 ፖርት ላይ መጠባበቂያ በር ይከፍታል፤ ፋየርዎል ያንን ፖርት ከዘጋው ግን ምንም አይጠቅም። የኛ ኔትወርክ ደግሞ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ፓኬጆቹን ሁሉ «ዳውንሎድ ኦንሊ» ብላችሁ ማውረድ፣ ከዚያ ማሳደግ፤ ያኔ ቢያንስ ኢንተርኔት ሲጠፋ ግማሽ መንገድ ላይ አትቆሙም። ማሽኑ ራሱ መሃል ላይ ከጠፋ ሲነሳ «ዲፒኬጂ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» በሉት፤ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ጥያቄውንም እንደገና ይጠይቃል። ዩፒኤስ ግዙ ብዬ አልመክርም፤ ገንዘቡ ቢኖር ሁላችንም ገዝተን ነበር።

ርእሱ ላይ ወዳለው ዱቤ ልመለስ።

ኤን ስትሉ አዲሱ ፋይል አይጣልም። ከአጠገቡ «ዲፒኬጂ-ዲስት» የሚል ቅጥያ ተሰጥቶት ይቀመጣል። ዋይ ስትሉ ደግሞ የናንተው «ዲፒኬጂ-ኦልድ» ተብሎ ይቀመጣል። ዩሲኤፍም የራሱ «ዩሲኤፍ-ዲስት» እና «ዩሲኤፍ-ኦልድ» አለው። እኔ ያን ማታ የኔ ፋይል ጠፋ ብዬ ስብሰለሰል፣ ፋይሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ በሌላ ስም ተኝቶ ነበር።

እነዚህ ፋይሎች የዱቤ ደብተር ናቸው። ሰፈር ሱቅ ሄደህ ስኳርና ዘይት ወስደህ «ጻፍብኝ» ትላለህ። ዱቤ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም የምንኖረው በሱ ነው። ነውሩ ደብተሩን አለማየት ነው። ኤን ማለት «ጻፍብኝ» ማለት ነው። አፕግሬድ እየተካሄደ፣ ሰዎች አገልግሎት እየጠበቁ፣ ሌሊቱ እየገፋ ሁለት ፋይል ለማዋሃድ መቀመጥ ከባድ ነው፤ ኤን በሉና እለፉ። ይህን ስል ከቅድሙ ጋር የተጋጨሁ የሚመስለው ካለ ልክ ነው፣ ኤን ብቻውን አቃጥሎኛል። ልዩነቱ በማግሥቱ ደብተሩን መክፈት ነው። ከዋናው ሰርቪስ ውጪ ላለው ማግሥት ይበቃል። አፓቼን፣ ኤስኤስኤችን፣ ሜይሉን ግን እዚያው ሌሊት ሳትተኙ ፈትሹ። እያንዳንዱ የራሱ መፈተሻ አለው፤ ኤስኤስኤችዲ ሰረዝ ቲ፣ ኢንጂንኤክስ ሰረዝ ቲ፣ የአፓቼው ኮንፊግቴስት፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትእዛዝ ለሚያሠራው ለሱዶ ቪሱዶ ሰረዝ ሲ። ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት። እኔ ያን ማታ የከፈትኩት ሼል ሳይዘጋ ከሌላ ተርሚናል ልግባ ብዬ ብሞክር ኖሮ አልጋዬ ላይ አድር ነበር፤ የተከፈተ ሼል ኤስኤስኤች ሰርቨሩ ሪስታርት ቢደረግም አይዘጋም።

ደብተሩን ለማየት «ፋይንድ» በቂ ነው። ኢቲሲ ውስጥ ስማቸው ዲፒኬጂ ወይም ዩሲኤፍ የሚል ቅጥያ ያላቸውን አውጣ በሉት። ከዚያ አንድ በአንድ ቪምዲፍ ከፍቶ ማስተያየት። አብዛኛው ልዩነት ኮመንት፣ ለሰው እንጂ ለፕሮግራሙ ያልተጻፈ ማስታወሻ፣ ነው፤ አንድ ቃል ታርሞ፣ አንድ ማብራሪያ ተጨምሮ። ከአሥሩ አንዱ ላይ እውነተኛ ነገር ታገኛላችሁ። ስትጨርሱ ትርፉን ፋይል አጥፉት። ካላጠፋችሁት የሚቀጥለው ጊዜ የተከፈለ ዱቤ ይሁን ያልተከፈለ አታውቁም።

ከዱቤ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው አለመበደር ነው። እንዴት? የተከራየ ሰው እንዴት ይኖራል? ግድግዳውን ቀለም አትቀባም፣ ምስማር አትመታም፤ አከራይዋ በዓመቱ መጥተው ያድሱታልና። የራስህን ቁም ሳጥን ታስገባለህ። ዋናውን ፋይል አትንኩ፤ ከጎኑ ባለው፣ ስሙ በ«ነጥብ ዲ» በሚያልቀው ፎልደር ውስጥ የራሳችሁን ትንሽ ፋይል አስቀምጡ። ኤስኤስኤች ላይ ይህን የሚያስችለው፣ ሌላ ፋይል ጨምረህ አንብብ የሚለው «ኢንክሉድ» ትእዛዝ 8.2 ላይ ነው የመጣው፤ 2020። የኔ ፖርት አሁን በራሷ ፋይል ውስጥ ናት፤ ሁለት መስመር ናት። አንዷ ለምን እንደተቀየረ የሚናገር ኮመንት ነው፤ ዋናው ፋይል ፊደል አልተነካም። ካልተነካ ደግሞ ዩሲኤፍም ሆነ ዲፒኬጂ ዝም ብሎ አዲሱን ያስገባል፤ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ሦስት ጉድጓድ አለ፤ ሦስቱም ውስጥ ገብቻለሁ። የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። ኤስኤስኤች ላይ ቀድሞ የተነበበው ያሸንፋል፤ ሲስሲቲኤል ላይ ግን የመጨረሻው ነው የሚያሸንፈው። ስለዚህ አንዱ ጋ ፋይላችሁን በ10 ስትጀምሩ ሌላው ጋ በ99 መጀመር ሊኖርባችሁ ነው። ከክላውድ የተነሳ ኡቡንቱ ላይ በፓስወርድ መግባትን ዋናው ፋይል ላይ ዘግተው፣ 50 ክላውድ ኢኒት የሚባለው ፋይል ከላይ ቀድሞ ከፍቶት ሳለ «ዘግቻለሁ» ብለው የተኙ ሰዎች አሉ። «ኤስኤስኤችዲ ሰረዝ ትልቁ ቲ» ብትሉት መጨረሻ ላይ የሚሠራበትን ያወጣላችኋል፤ ከፋይሉ ይልቅ እሱን እመኑ። ሁለተኛው ሱዶ ነው። ሱዶኧርስ ነጥብ ዲ ውስጥ በስሙ ላይ ነጥብ ያለበትን ፋይል ዘልሎ ያልፋል። «አድሚን ነጥብ ኮንፍ» ብላችሁ ከሰየማችሁት ዝም ይላል፤ ስህተትም አይልም። ሦስተኛው፣ ሁሉም ፕሮግራም ይህን ነጥብ ዲ አይደግፍም። የማይደግፈውን ምን እናድርገው? ዱቤ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

እና መዝገቡ። ኢቲሲኪፐር የሚባል ነገር አለ፤ ጆይ ሄስ የጻፈው። ኢቲሲ ፎልደርን የፋይል ለውጥ በሚመዘግበው በጊት ስር ያደርገዋል። ፓኬጅ የሚያወርደው አፕት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያልተመዘገበ ለውጥ ካለ ይመዘግባል፣ ሲጨርስም ይመዘግባል። ጊት ብቻውን የማይይዘውን የፋይል ፈቃድና ባለቤትም ይይዛል። ስለዚህ ጠዋት ተነስታችሁ «ማታ አፕግሬዱ ምን ነካ?» ስትሉ መልሱ በአንድ ትእዛዝ ይወጣል። እጃችሁ የነካውንም እንዲሁ፤ ከለወጣችሁ በኋላ «ኢቲሲኪፐር ኮሚት» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በአማርኛም ይሆናል። የኔ አንዱ ኮሚት «የፋይናንስ ሰዎች ስለለመኑኝ» ይላል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሳየው ከየትኛውም ዶክመንት በላይ ጠቀመኝ። ግን ያን ጊት ወደ ሕዝብ ጊትሃብ እንዳትገፉት። የፓስወርዶቹ ሃሽ ያለበት ሻዶው ፋይል አብሮ ነው ያለው።

ሌሎቹ ዲስትሮዎች ላይ በአጭሩ፦ ሮኪ፣ አልማ፣ ፌዶራ ላይ የዲፒኬጂን ቦታ የያዘው አርፒኤም ምንም አይጠይቅም። የራሱን ይወስንና ማስታወሻ ይተዋል። «አርፒኤምኒው» ካያችሁ የናንተው ቦታው ላይ ነው፣ አዲሱ ከጎን ነው። «አርፒኤምሴቭ» ካያችሁ ግን ተነሱ፤ የናንተው ተነስቶ አዲሱ ገብቷል ወይም ፓኬጁ ተነቅሏል። «አርፒኤምኮንፍ» አንድ በአንድ ያስተያያችኋል። አርች ላይ «ፓክኒው» ነው፣ «ፓክዲፍ» ይረዳል። አርች የምትጠቀሙ ሁለታችሁ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ሳትጠየቁም ትነግሩናላችሁ።

ከዚያ ወደ ጥያቄ ገባን። ሁለቱን ብቻ እጽፋለሁ።

አንዲት እህት ከኋላ «ዓመታት የሮጠ ሰርቨር ተረክቤያለሁ፣ የቀድሞው ሰውዬ ምን እንደነካ ምንም አልጻፈም፣ ከየት ልጀምር?» አለችን። ዴብሰምስ የሚባለውን ጫኚ፣ «ሰረዝ ሲኢ» በይው፤ ከፓኬጁ የተለዩትን የኮንፊግ ፋይሎች ይዘረዝራል። እነዚያ ናቸው የሰውዬው አሻራ ያለባቸው። ምን እንደቀየረ ለማየት ደግሞ ያንኑ የፓኬጅ ቨርዥን አውርደሽ ሳትጭኚ ሌላ ፎልደር ውስጥ ፍቺውና ዲፍ አድርጊ። አንድ ከሰዓት ይፈጅብሻል። ፓኬጅ ያላመጣቸውን፣ ሰውዬው በእጁ የፈጠራቸውን ፋይሎች ግን ይህ አያሳይሽም፤ እነሱን በቀናቸው ደርድረሽ መፈለግ ነው። ሰውዬውን ደውለሽ ማግኘት ከቻልሽ ቡና ጋብዢው፤ ከዴብሰምስ ይፈጥናል።

ሌላው ወጣት «ይህ ሁሉ በአንሲብል አያልቅም ወይ?» አለ፤ ብዙ ማሽን ከአንድ ቦታ የሚያስተካክለውን መሣሪያ ማለቱ ነው። ግማሹ ያልቃል። ግን አንሲብልህ ሙሉውን ፋይል ከቴምፕሌት የሚገለብጥ ከሆነ፣ ለዘላለም ኤን የሚጫን ሰው ቀጥረሃል ማለት ነው። በየሳምንቱ ይሮጣል፣ በየሳምንቱ የድሮውን ይመልሳል፣ አይደክመውም። የአፓቼዬን ሎክፋይል በሃያ ማሽን ላይ አስበው። አንሲብል ትንሿን ፋይል ነጥብ ዲ ውስጥ ይጣልልህ። ብዙ ማሽን ሳትጠየቅ ለማሳደግ ከፈለግህም «ፎርስ ኮንፍዴፍ» እና «ፎርስ ኮንፍኦልድ» አንድ ላይ ስጥ፤ ነባሪ መልስ ካለ እሱን ይወስዳል፣ ከሌለ የራስህን ያቆያል። ከዚያ ፋይንዱን በሁሉም ላይ አሂደህ የዱቤውን ዝርዝር ሰብስብ።

ልንነሳ ስንል ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ቅድም ሲስቅብኝ የነበረው፣ «አንተስ? የራስህን ላፕቶፕ እስቲ አሳየን» አለ። መብራት ተመልሶ ነበር፤ ማምለጫ የለኝም። ፋይንዱን በስክሪኑ ላይ አሄድኩት። ሰባት ፋይል ወጣ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስድስቱን እዚያው ከፍተን አየናቸው፤ አምስቱ ኮመንት ብቻ ነበሩ፣ አንዱ ላይ የፕሪንተሩ ኮንፊግ ለምን እንደሚያስቸግረኝ ገባኝ። ሰባተኛው የኤስኤስኤች ነበር፣ ዩሲኤፍ-ኦልድ። ረጅም ነው፣ ሰዓቱም መሽቷል፤ ቤት ገብቼ አየዋለሁ አልኳቸው።

እስካሁን አላየሁትም።